የእንግሊዝ ገና በሉሉ ቤት

ማራኪ ከእንግሊዝ አገር ወደ ኮሎምበስ የመጣችው ለገና ብላ አልነበረም፤ ለሉሉ ብላ ነበር። እናቷ ስትጠይቃት፣ አለቃዋ ስትጠይቃት፣ ኤርፖርት ላይ ፓስፖርቷን ያገላበጠው ሰውዬም ሲጠይቃት "ለበዓል ነው" አለች። ሁሉም አመኗት።

ኮሎምበስ፣ አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ፣ ያደገችበት ከተማ ነው። በዘጠኝ ዓመቷ ከእናቷ ከእትዬ መዓዛ ጋር መጥታ፣ ኖርዝላንድ ሃይስኩል ተምራ፣ ነርስ ሆና፣ በአማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ዓመታት ከፊት ቆማ ዘምራለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ፣ ሠርጓ ሊደርስ አራት ወር ሲቀረው፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ስም የሌለው ደብዳቤ ደረሳቸው። ደብዳቤው ማራኪ ሳታገባ አርግዛ እንደነበር ይናገራል። እውነት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቷ ላይ፣ ገና ኮሌጅ ሳለች፣ ከክፍል ጓደኛዋ አርግዛ በሦስተኛው ወር ወርዶባታል። ሽማግሌዎቹ ጠርተው ሲጠይቋት አልካደችም።

በሚቀጥለው እሑድ ምእመኑ ፊት አቁመው ከአገልግሎት መታገዷን አስታወቁ። ምክንያቱን በደፈናው "የወጣትነት ስህተት" ብለው አለፉት። ለእናቷም ከዚህ የበለጠ አልነገሯት፤ እናቷም አልጠየቀች። እጮኛዋ ቢሩክ ግን ዝርዝሩን ከአንዱ ሽማግሌ ሰማ። "ከአንቺ አለመስማቴ ነው የገደለኝ" አላትና ሄደ። አሁን ቤክስሊ ቤት ገዝቶ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ይኖራል።

በዚያ ክፉ ጊዜ ከጎኗ ያልተለየችው ሉሉ ነበረች። ሁለቱ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን አብረው አስተምረዋል። ሉሉ አብራት አለቀሰች፤ ማራኪ እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ ስታገኝ ሻንጣዋን ያሰናዳችላትም፣ ኤርፖርት ድረስ ነድታ ያደረሰቻትም እሷው ናት። ማራኪ ደብዳቤውን ጽፏል ብላ የጠረጠረችው ያንን የኮሌጅ ልጅ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ የረገመችው እሱን ነው።

ሊድስ ውስጥ በዓል ክፉኛ ከበዳት። የመጀመሪያው ዓመት ኅዳር ላይ አለቃዋን "የሐሙስ ሺፍቴን ቀይሪልኝ" ብላ ለመነቻት።

"ሐሙስ ምን አለ?" አለች ሴትዮዋ።

"ታንክስጊቪንግ ነዋ፣ የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል።"

"እኛን ጥላችሁ የሄዳችሁበትን ነው የምታከብሩት?" አለችና ሳቀች። ሺፍቱ ግን አልተቀየረም።

ሥጋ ቤት ገብታ ለበዓሉ የሚታረደውን ትልቁን የቱርክ ዶሮ፣ ተርኪ፣ ስትጠይቅ ሰውዬው "ለገና ነው የምናስመጣው፣ ታኅሣሥ ላይ ነይ" አላት። ዶሮ ገዝታ ጠበሰች፤ ለበዓሉ የሚሆነውን ዱባ በቆርቆሮ አገኘችው። ብቻዋን በላች። ኮሎምበስ ስትደውል እናቷ ቤት ሃያ ሰው ይንጫጫል፤ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሁሉም "ምን በላሽ?" ይሏታል፤ "ተርኪ" እያለች ዋሸች። ሰዎች "የየት አገር ሰው ነሽ?" ሲሏት "ኦሃዮ" ትላለች፤ "አይ፣ ዋናው አገርሽ?" ይሏታል። ኮሎምበስ ሳለች እንዲህ ሲጠይቋት ትናደድ ነበር። እዚህ ግን ዋናው አገሯ ኦሃዮ ሆኖ ቁጭ አለ፤ የሚያምናት ጠፋ እንጂ።

ገናው ደግሞ ሌላ ነው። በዕለቱ አውቶቡስ የለም፣ ባቡር የለም፣ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፤ ሥራዋ ድረስ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ ሄደች። በሁለተኛው ዓመት ጎረቤቷ ዶሪን የምትባል ጡረተኛ ምሳ ጠራቻት። ማራኪ ክራከር የሚሉትን ነገር ያየችው ያኔ ነው። ስትሰማው ብስኩት መስሏት ነበር። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ ሁለቱ ጫፍ የታሰረ ቱቦ ነው፤ ከጎንሽ ካለው ሰው ጋር አንዱን አንዱን ጫፍ ይዛችሁ ስትጎትቱት ጧ ብሎ ይፈነዳል። ከውስጡ የወረቀት ዘውድና ቀልድ የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ይወጣሉ። ዘውዱን ሁሉም ያጠልቃል። ብጣሿን ደግሞ እያንዳንዱ በተራው ጮክ ብሎ ያነባል። የዶሪን ወንድም፣ ፊቱ ተፈቶ የማያውቅ ሽማግሌ፣ ሮዝ ዘውዱን ደፍቶ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ማራኪ ያን ቀን ከልቧ ሳቀች።

ባለፈው ሚያዝያ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነበሩት ጋሽ ተፈሪ አረፉ። ካረፉ ከወር በኋላ ባለቤታቸው እትዬ ቆንጂት በቴሌግራም ፎቶ ላኩላት። የዚያ ደብዳቤ ፎቶ ነበር። "ከወረቀቶቹ መሐል አገኘሁት፤ ያንቺ ነው ልጄ፣ እኔ ዘንድ መቀመጥ የለበትም" ይላል መልእክታቸው።

ማራኪ ያየችው በሥራ ዕረፍቷ፣ የሆስፒታሉ ካፊቴሪያ ውስጥ ቁጭ ብላ ነው። ይዘቱን ከማንበቧ በፊት ጽሕፈቱን አወቀችው። ያ "ም" ጅራቱን ወደ ግራ የሚጎትተው፣ ያ "ለ" አንገቱን የሚደፋው፣ ስድስት ዓመት በሰንበት ትምህርት ቤቱ ደብተር ላይ ከራሷ ጽሕፈት ጎን ያየችው ነው። የሉሉ ነው። ከዚያ አነበበችው። ሰባተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ የያዘችውን ሻይ አስቀመጠች። ያንን ነገር በዚህ ምድር ለአንድ ሰው ብቻ ነው የነገረችው፤ በሉሉ ቤት፣ የሉሉ ሶፋ ላይ ተቀምጣ።

አላለቀሰችም፣ አልደወለችም። የዐረፍተ ነገሮቹን ቁጥር ቆጠረች። አሥራ ሁለት ናቸው።

ከግንቦት እስከ ኅዳር ድረስ ለሉሉ እንደ ድሮው ፍቅር የተሞላ መልእክት ትልክላት ነበር። ሉሉ አሁን የሴቶች አገልግሎት መሪ ሆናለች፤ በየዓመቱ የታኅሣሥ ሁለተኛ ቅዳሜ ዎርዝንግተን ባለው ቤቷ ለአገልጋዮቹ የገና ምሳ ታዘጋጃለች። ማራኪ "ዘንድሮ እመጣለሁ፤ ምሳውን እኔ በእንግሊዝ አገር ደንብ ላዘጋጅላችሁ?" ብላ ጻፈችላት።

ሉሉ ወዲያው ኮል አደረገች። "ዋይ ማራኪዬ! አንቺ ብቻ ነይልኝ! ስንት ሰው ልጥራ?"

"አሥራ ሁለት፣ አንቺን ጨምሮ" አለች ማራኪ።

ኮሎምበስ ስትደርስ ክራከሩ ሲጎተት የሚፈነዳውን ክር አውሮፕላን ላይ ማሳፈር ክልክል ስለሆነ በኦንላይን አዘዘች። ፎቶውን በትልቁ ፕሪንት አድርጋ፣ እናቷ ሥራ በሄደችበት ሰዓት ዐረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ በመቀስ ቆረጠቻቸው። የሉሉን ጽሕፈት እንዳለ፣ አንድ ፊደል ሳትነካ፣ በቀልዱ ፈንታ በየቱቦው አንዳንድ ከተተች። ስለ ራሷ የተጻፈውንም አልቀነሰችም። ስሜ ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን የሷ ተራ ነው ብላ አሰበች።

እናቷ ስትመለስ ቱቦዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው አገኘቻቸው።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"የእንግሊዞች የገና መጫወቻ ነው።"

"ማማሩ!" አለች እትዬ መዓዛ። ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ተቀምጣ፣ የቀሩትን ሪባኖች አንድ በአንድ አሰረችላት። እናቷ ቅዳሜ አረጋውያን በምትጦርበት ነርሲንግ ሆም ሺፍት አለባት፤ ምሳው ላይ አትኖርም።

ቅዳሜ ጠዋት ሉሉ በሯን ስትከፍት አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። ሁለቱ ወጥ ቤት ገብተው እንደ ድሮው አብረው ሠሩ። ድንቹን ሉሉ ላጠች፤ ተርኪውን ማራኪ ከኦቨን አወጣች። ሉሉ ወፍራለች፤ ሳቋ ግን ያው ነው። "ካንቺ በኋላ ጓደኛ አላወጣሁም እኮ" ስትላት፣ ማራኪ በእጇ የያዘችውን ቢላዋ ጠበቅ አደረገችው። በየሳህኑ ራስ ስም የተጻፈበት ካርድና አንዳንድ ክራከር አስቀመጠች፤ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር እስከ አሥራ ሁለተኛው በቅደም ተከተል። አሥራ ሁለተኛው የሉሉ ነው።

እንግዶቹ በስድስት ሰዓት ገቡ። ማራኪ ተርኪውን በትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣ ሰባተኛው ወንበር ላይ እናቷን አየች።

"ሐዊ ልጇ አሞባት ቀረች" አለች ሉሉ ደስ ብሏት። "እትዬ መዓዛ ደግሞ ሺፍታቸውን ቀይረው ሰርፕራይዝ አደረጉን! በሐዊ ቦታ አስቀመጥኳቸው።"

"ልጄ መጥታ አንድ ቅዳሜ እንኳ አብሬያት አልውልም?" አለች እናቷ።

ማራኪ ትሪውን አስቀመጠች። ጊዜ ነበራት። ክራከሩን አንስታ "ይኼ የሐዊ ነው" ማለት ትችላለች፤ ስድስት እርምጃ አይሆንም። ግን ሉሉ በእናቷ ወንበር ጀርባ ጎንበስ ብላ ትከሻዋን አቅፋ ጉንጯን ሳመቻት። እናቷም የሉሉን እጅ ያዘች። ማራኪ ያን እጅ አየች፤ ደብዳቤውን የጻፈው እጅ ነው። "እንጀምር" አለች።

ጸሎት ሆነ። ማራኪ ስለ ክራከሩ አስረዳች፤ ሴቶቹ እየጮኹና እየሳቁ ጎተቱት። ጧ ጧ አለ። ዘውዶቹን ደፉ። ሉሉ "እኔ የቤቱ ባለቤት ነኝ፣ የኔን መጨረሻ ላይ እከፍታለሁ" አለችና ከአንዷ እንግዳ አረንጓዴ ዘውዷን ተቀብላ አደረገች።

"አሁን በተራ ማንበብ ነው" አለች ማራኪ። "ከኤልዳና እንጀምር።"

ኤልዳና ከሁሉ በዕድሜ ታናሽ ናት። ብጣሿን ዘረጋችና ሳቀች። "እንዴ! ሉሉም አብራሽ ሠርታለች ለካ! ጽሕፈቷ አይደል? 'ለተወደዳችሁ ሽማግሌዎች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።'"

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ሉሉ ግን ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ማራኪ ያየችው እሷን ብቻ ነው። ስድስት ወር የጠበቀችው ይህንን ነበር፤ ጣፋጭ ነበር፤ ካሰበችው በላይ።

"'ስሜን ያልጻፍኩት ፈርቼ ሳይሆን ሰላም እንዳይደፈርስ ብዬ ነው'" አለች ሁለተኛዋ። "መልእክት መሆኑ ነው?"

"ቀጥሉ፣ ይገባችኋል" አለች ማራኪ።

"'በመዘምራን መካከል ከፊት የምትቆም አንዲት እህት አለች።'"

"'ይህች እህት ማራኪ ናት።'"

ሳቁ ቆመ። አምስተኛዋ ግራና ቀኝ አይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበች፤ "'እጇን አንስታ ስትዘምር ታለቅሳላችሁ፤ እኔ ግን የማውቀውን አውቃለሁ።'" ስድስተኛዋ ያኤል ብጣሿን ዘርግታ ኖሮ ሳታስበው ከአፏ ወጣ። "'ከሰባት ዓመት በፊት ሳታገባ አርግዛ ነበር።'" ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

እትዬ መዓዛ ግን አልሰማችም። በቸኮለች ጊዜ መነጽሯን ቤት ረስታ ስለመጣች ብጣሿን ከፊቷ አርቃ ይዛ፣ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች የራሷን ተራ ስትለማመድ ነበር። ማራኪ "እማዬ፣ ተይው" ማለት ፈለገች። እናቷ ግን ቀደመቻት።

"'ፅንሱ... ሲወርድባት... አላለቀሰችም፤ ተመስገን ብላለች'" አለች እናቷ። ሁሉም ዝም ሲሉ ቀና አለች። "ማን ናት?" አለች። ከዚያ ከጎኗ የተቀመጠችውን የያኤልን ብጣሽ አየችው፤ ከዚያ ልጇን አየቻት። የማራኪ ፊት ነገራት።

ከዚያ ወዲያ ያነበበ የለም። ስምንተኛዋ ብጣሿን በቡጢዋ ጨምድዳ ይዛ አንገቷን ደፋች።

"ሉሉ፣ ያንቺ ቀረ" አለች ማራኪ።

ሉሉ ክራከሩን አልነካችውም። ያ አረንጓዴ ዘውድ ራሷ ላይ እንዳለ ተነሣች። "'ይህን የጻፍኩት ስለምወዳት ነው'" አለች። ሳትከፍት፣ በቃሏ።

አንድ ሰው "ኢየሱስ!" አለ።

"ኤርፖርት ሸኝተሽኛል" አለች ማራኪ። "ሻንጣዬን አዘጋጅተሻል። አምስት ዓመት ሙሉ ታንክስጊቪንግ ሲደርስ ብቻዬን ዶሮ ስበላ፣ ስልክ ላይ 'ናፈቅሽን' ስትዪኝ ኖርሽ።"

"ናፍቀሽኝ ነበር" አለች ሉሉ። "ይኼ ውሸት አይደለም።" ዓይኗን አልሰበረችም። "ሦስት ጊዜ ወርዶብኛል። ሦስቱንም አንቺ ነሽ ያስታመምሽኝ። ሦስተኛው ከወረደ ወር ሳይሞላኝ ሶፋዬ ላይ ተቀምጠሽ፣ እኔ ልሞትለት የነበረውን ነገር 'ሲወርድልኝ ተመስገን አልኩ' አልሽኝ። ሰማሽ? ሲወርድልኝ! በማግስቱ ጻፍኩት። ሲያቆሙሽ ደግሞ ደስ አለኝ። እሱንም ልንገርሽ።"

"ከተመስገን በኋላ ያልኩሽንስ?" አለች ማራኪ። "ፈርቼ ነው ብዬሽ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ሕፃን ባየሁ ቁጥር መንገድ እየቀየርኩ እሄድ ነበር ብዬሽ ነበር። ያንን ለምን አልጻፍሽውም?"

"አልሰማሁትም" አለች ሉሉ። "ከዚያ በኋላ ያልሽውን ምንም አልሰማሁም።"

ሴቶቹ አንድ በአንድ ካፖርታቸውን እያነሡ ወጡ። ተርኪውን የነካው የለም።

እትዬ መዓዛ መኪናዋን ራሷ ነዳች። ሞርስ ሮድ ቀይ መብራት ላይ ቆማ፣ ፊቷን ሳታዞር "ስንት ዓመት ይሆነው ነበር?" አለች።

"አሥራ ሁለት።"

"እኔን ነው የፈራሽው?"

"አንቺን ነው እማዬ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባውን እስኪነፋ ድረስ እናቷ አልተንቀሳቀሰችም።

በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎቹ ሉሉን ምእመኑ ፊት አቁመው ከአገልግሎት መታገዷን አስታወቁ። ማራኪ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ አየች። እትዬ መዓዛ "ይኼን ለማየት አልሄድም" ብላ ቀርታለች። ሽማግሌው ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ ነው የተናገረው። ለማራኪ አነሰባት፤ ዓመት ሙሉ ቢያቆሟት ወደደች። ሉሉ ግን አንገቷን አልደፋችም፤ ወደ ቦታዋ ስትመለስ በማራኪ አጠገብ አለፈች፣ ሁለቱም አልተያዩም።

ማራኪ የገና ዕለት ሊድስ ሥራ ላይ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ዕረፍት ስታገኝ ለእናቷ ደወለች። ከጀርባ የሳህንና የውኃ ድምፅ ይሰማል።

"ማን አለ እዛ?"

"ሉሉ ናት" አለች እናቷ። "ትናንት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ዛሬም መጣች።"

"አስገባሻት?"

"አስገባኋት።"

"እኔን ያደረገችኝን እያወቅሽ?"

"ያደረገችሽን አውቃለሁ። ያደረግሽኝንም አውቃለሁ" አለች እትዬ መዓዛ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ግን ነበረ። "ያንን ወረቀት በእኔ አፍ ነው ያስነበብሽው። ሪባኑንም በእኔ እጅ ነው ያሳሰርሽው። እኔም እሷም ላላቀፍነው ልጅ እያለቀስን ነው ያለነው። አንቺ እዚህ ብትኖሪ ደግሞ ሦስት እንሆን ነበር።"

"ይቅር አልላትም እማዬ።"

"አላልኩሽም።"

"ታንክስጊቪንግ ላይ እሷ ካለች አልመጣም።"

"ሁለታችሁንም እጠራለሁ" አለች እናቷ። "የመጣችው ትመጣለች። አሁን ድስቱ ሊያርርብኝ ነው።" ስልኩ ተዘጋ።

ማራኪ ስልኩን ኪሷ ከተተች። ሉሉ በእናቷ ወጥ ቤት ውስጥ፣ በእናቷ ሽርጥ፣ እጇን በሞቀ ውኃ ነክራ ታያት። ያንን እጅ እስካሁን ልትሰብረው ትፈልጋለች። ለሚቀጥለው ኅዳር፣ ለታንክስጊቪንግ ሳምንት፣ ፈቃድ ለመጠየቅ ግን የዚያኑ ቀን፣ ሺፍቷ ሳያልቅ፣ የአለቃዋን በር አንኳኳች።